ደረቴ ላይ ያለው መሣሪያ ልጄን ይነዝረው ይሆን?

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። 29 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳር ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ደረጃ ስወጣ ድንገት ራሴን ስቼ ወደቅሁ። በሳምንቱ ደገመኝ። ተመርምሬ «ሙሉ ሃርት ብሎክ» ነው፣ የልብሽ የኤሌክትሪክ መስመር ተቋርጧል ተባልኩና የልብ ምትን የሚቀሰቅስ ፔስሜከር የሚባል መሣሪያ ከግራ ትከሻዬ በታች ተገጠመልኝ። ያኔ ሐኪሙ «ምናልባት ስትወለጂ ጀምሮ የነበረ ሊሆን ይችላል» ብሎኝ ነበር፤ ነገሩ ግን በዚያው ተዳፍኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ወድቄ አላውቅም። ደህና ነኝ ብዬ ክትትሌንም ችላ አልኩት፤ የመጨረሻው ምርመራዬ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል።

አሁን የ11 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ደስታዬን ሳልጨርሰው የባለቤቴ እናት ሰሙና «ኤሌክትሪክ ደረትሽ ውስጥ አስቀምጠሽ እንዴት ልጅ ታረግዣለሽ? ጽንሱን ይነዝረዋል እኮ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴ ያጽናናኛል፤ ሌሊት ግን እሱም ነቅቶ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ አገኘዋለሁ። ለእርግዝና ክትትል ስሄድ ለአዋላጇ ስለ መሣሪያው አልነገርኳትም፤ «አስወርጂው» እንዳትለኝ ፈራሁ። ለመሆኑ እንደኔ ያለች ሴት ወልዳ ታውቃለች? የምወልደውስ የግድ በኦፕራሲዮን ነው? ልጄንስ በግራ ጎኔ አቅፌ ማጥባት እችላለሁ? እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።

ሁለት ልብ ይዛ የተጨነቀች

መልስ

እህቴ፣ አይነዝረውም። ሌላውን ሁሉ ከመናገሬ በፊት ይህን ልንገርሽና ዛሬ ማታ ተኚ።

ፔስሜከር የሚልከው ኃይል በጥቂት ቮልት የሚለካ፣ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ለሚሆን ጊዜ ብቻ የሚቆይ ነው። ሽቦው በደም ሥር ገብቶ ጫፉ የልብሽን ግድግዳ ነክቶ ተቀምጧል፤ ኃይሉም እዚያው የልብ ጡንቻ ላይ ሥራውን ጨርሶ ይቀራል። እስቲ ራስሽን ምስክር እናድርግ። መሣሪያሽ በደቂቃ 60 ጊዜ ልብሽን ቢቀሰቅስ በቀን 86,400 ጊዜ ይሆናል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሠራ አንድ ቀን እንኳ ነዝሮሽ ያውቃል? ሽቦው ያለበት ልብ ያንቺው ሆኖ ሳለ አንቺ ካልተሰማሽ፣ ከዚያ ርቆ በማህፀን ውስጥ፣ በውኃ ተከቦ ያለው ልጅሽ ምን ይሰማዋል? የእሱ ልብ የራሱ አስነሺ አለው፤ ከአንቺ መሣሪያ ትእዛዝ አይቀበልም።

የባለቤትሽ እናት የሰሙት ወሬ ምናልባት ከሌላ መሣሪያ ጋር ተቀላቅሎባቸው ይሆናል። ዲፊብሪሌተር የሚባል አለ፤ እሱም ደረት ላይ ይተከላል፤ ልብ አደገኛ በሆነ ፍጥነት መምታት ሲጀምር ጠንከር ያለ ንዝረት ይሰጣል። ያንቺ እሱ አይደለም። ለነገሩ ዲፊብሪሌተር የተተከለላቸውም ሴቶች ክትትል እየተደረገላቸው ይወልዳሉ።

«እንደኔ ያለች ሴት ወልዳ ታውቃለች?» ላልሽው፣ አዎ፤ ብዙ። ፔስሜከር በሰው ሰውነት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው በስዊድን፣ ስቶክሆልም፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ያ የመጀመሪያው መሣሪያ ከሰዓታት በላይ አልሠራም። የተተከለለት ሰው አርነ ላርሶን ግን በየጊዜው እየተቀየረለት 26 መሣሪያዎች ተጠቅሞ፣ 86 ዓመት ሞልቶት በ2001 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈው። ያንቺ መሣሪያ ያ ሁሉ ዘመን የተፈተነ ዕውቀት ነው። እኔም ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት ለብዙ ዓመታት በአዋላጅነት ስሠራ፣ ፔስሜከር ያላቸው እናቶች በሰላም ሲገላገሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንቺም፣ ባለቤትሽም፣ እናቱም ዓይናችሁን የተከላችሁት መሣሪያው ላይ ነው። የልብ ሐኪም ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ መሣሪያው ለምን ተገጠመ? ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ፔስሜከር ኖሯቸው እርግዝናቸው ፈጽሞ ላይገናኝ ይችላል። የአንዷ ልብ ጡንቻው፣ ክፍሎቹ፣ መዝጊያዎቹ ጤነኛ ሆነው የተበላሸው የኤሌክትሪክ መስመሩ ብቻ ከሆነ፣ መሣሪያው ያን ጉድለት ሞልቶላታል፤ እርግዝናዋም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማንኛዋም ሴት ይሄዳል። የሌላዋ ደግሞ የልብ ጡንቻዋ የደከመ፣ ወይም በሳንባዋ የደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ያለ ከሆነ፣ መሣሪያው ምቱን እንጂ ጡንቻውን አያስተካክልም፤ ለእሷ እርግዝናው ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አደጋው ከፍተኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ስለዚህ አንቺ ከየትኛዋ ወገን እንደሆንሽ ማወቅ ይኖርብናል። ያን የሚነግርሽ ኢኮ ነው፤ ልብን በአልትራሳውንድ ማየት ማለት ነው፤ ጨረር የለውም፤ ለጽንሱም ምንም አይለውም። እስከ ዛሬ ተነሥተሽ እንደሆነ የቆየ ውጤት አይበቃም፤ አሁን ይነሣ።

ሌላም አለ። ሐኪሙ «ስትወለጂ ጀምሮ ሊሆን ይችላል» ብሎሽ ተዳፍኖ የቀረው ነገር አሁን መከፈት አለበት። አብሮ የሚወለድ ሃርት ብሎክ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በእናት ደም ውስጥ ካለ «አንቲ-ሮ» ከሚባል ፀረ አካል ነው። ይህ ፀረ አካል በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የጽንሱን ልብ የኤሌክትሪክ መስመር ይጎዳል። የሚገርመው፣ ፀረ አካሉ ያላት እናት ራሷ አንዳችም ሕመም ላይሰማት ይችላል። ይህ ማለት ወላጅ እናትሽ አንቺን ባረገዙ ጊዜ በደማቸው ነበረ ማለት ሊሆን ይችላል እንጂ አንቺም አለብሽ ማለት አይደለም። በአንድ የደም ምርመራ ይታወቃል። ከሌለብሽ፣ በዚህ በኩል ያለው ጭንቀት አበቃ። ካለብሽም አትደንግጪ፤ ፀረ አካሉ ካላቸው እናቶች ጽንሱ ሃርት ብሎክ የሚይዘው ከመቶ ሁለት ገደማ ነው። ግን ይጠበቃል፤ ከ16ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የጽንሱ ልብ በአልትራሳውንድ በየጊዜው ይታያል። አንቺ 11ኛው ላይ ነሽ። ደብዳቤሽ በጥሩ ጊዜ ነው የደረሰኝ። ወላጅ እናትሽ በሕይወት ካሉም ጠይቂያቸው፦ የዓይንና የአፍ ድርቀት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሉፐስ የሚባል ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ነበረባቸው ወይ? ልባቸው የታመመ፣ ወይም በልጅነታቸው ድንገት የሞቱ የቅርብ ዘመዶች ካሉም ለሐኪሙ ይነገር፤ አንዳንድ የልብ ምት ችግር በዘር ይተላለፋልና።

እስቲ ደግሞ በእርግዝና ወቅት ልብ ላይ የሚሆነውን ልንገርሽ፤ ይህን ካወቅሽ የምርመራው አስፈላጊነት ራሱ ይገባሻል። በሰውነትሽ ውስጥ ያለው ደም ከወትሮው ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ልብ በደቂቃ የምትረጨው ደም ከ30 እስከ 50 በመቶ ከፍ ይላል። ምቷም በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ይጨምራል። ከፍተኛው ሸክም የሚመጣው ሰባተኛውና ስምንተኛው ወር አካባቢ ነው። ጤነኛ ልብ ይህን ሳያሳውቅ ያደርገዋል። ያንቺ ልብ ግን ምቱን በከፊል የሚቀበለው ከመሣሪያው ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ማርገዝሽን አያውቅም።

ነገሩ እንደ መሣሪያው ዓይነት ይለያያል። ሁለት ሽቦ ያለው ከሆነ፣ አንዱ የላይኛውን የልብ ክፍል ያዳምጣል፤ ሌላው የታችኛውን ይቀሰቅሳል። በሃርት ብሎክ የላይኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ እርግዝናው ሲጠይቅ እሱ ምቱን ይጨምራል፤ መሣሪያውም ተከትሎ ወደ ታች ያደርሰዋል። አንድ ሽቦ ብቻ ከሆነ ግን በተሞላለት ቁጥር ይሄዳል፤ እንቅስቃሴ የሚያውቅበት ነገር ቢኖረው እንኳ ስትራመጂ ይጨምራል እንጂ ተኝተሽ ልጅ ስታሳድጊ ምን እንደሚያስፈልግሽ አይገባውም። ሁለቱም ዓይነት ደግሞ የላይ ጣሪያ አላቸው። በምጥ ጊዜ የላይኛው ክፍል ከጣሪያው በላይ ከሮጠ መሣሪያው ሁሉንም መከተል ያቅተውና አንዳንዱን ይዘላል፤ ያኔ ድንገት ትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ይመጣል። ይህ ሁሉ ግን ያለ ቢላ፣ ያለ መርፌ የሚስተካከል ነው።

የመሣሪያውን ምርመራ በቸልተኝነትም በፍርሃትም የተውሽው ይመስለኛል፤ ስለዚህ እንዴት እንደሆነ ላስታውስሽ። ትጋደሚያለሽ፤ በግራ ጎንሽ ትንሽ ትራስ ይደረግልሻል። ደረትሽ ላይ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግቡ የኢሲጂ ገመዶች ይለጠፋሉ። ባለሙያው የእጅ መዳፍ የምታህል፣ ገመድ ያላት ነገር በመሣሪያው ላይ፣ በቆዳሽ በኩል ያስቀምጣል። ከኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ መስመሮች ይሄዳሉ፤ ባትሪው ስንት እንደቀረው፣ ሽቦዎቹ ደህና መሆናቸው፣ ላለፉት ወራት ልብሽ ምን ሲያደርግ እንደነበረ ሁሉ ይነበባል። ከዚያ ባለሙያው «አሁን ትንሽ ይሰማሻል» ይልሻል፤ የልብሽ የራሱ ምት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት መሣሪያውን ለአፍታ ዝቅ ያደርገዋል። ልብ ወረድ እንደማለት፣ አሳንሰር ሲወርድ ሆድ እንደሚያደርገው ያለ ስሜት ነው። ወዲያው ይመለሳል። ሩብ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው፤ ጽንሱን የሚነካው አንዳች ነገር የለውም።

ይህን ምርመራ በዚህ ሳምንት፣ ቢበዛ በሚቀጥለው አድርጊ። ከዚያ በየሦስት ወሩ ገደማ፣ ለመውለድ ስትቃረቢ አንድ ጊዜ፣ ከወለድሽም በኋላ ይደገም፤ ሐኪምሽ ከዚህ የጠበቀ ቀጠሮ ከሰጠሽ የእሱን ያዢ። ባትሪው በተለይ ይታይ። ስድስት ዓመት የሠራ ባትሪ ብዙ ሊቀረው ይችላል፤ ሊያልቅም ተቃርቦ ሊሆን ይችላል። ባትሪ ብልጭ ብሎ አይጠፋም፤ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት መሣሪያው ያስታውቃል፤ ግን ማስታወቂያውን የሚያነብ ሰው ያስፈልገዋል። እርግዝናው ሳያልቅ መቀየር ግድ ቢሆን እንኳ ሽቦዎቹ እዚያው ይቀራሉ፤ የሚቀየረው ከቆዳ ሥር ያለው ሣጥን ብቻ ነው፤ ኤክስሬይም እምብዛም አይፈልግም።

አሁን ትንሽ ልቆጣሽ ነው፤ ከፍቅር ነው ያዥልኝ። ለአዋላጇ አለመንገርሽ ነው ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ።

አንድ ሌሊት ያጋጠመኝን ልንገርሽ። አንዲት እናት በምጥ ተይዛ መጣች። ደረቷ ላይ የኢሲጂ መለጠፊያ ላደርግ ጎንበስ ስል እጄ ከቆዳዋ ሥር ያለ ጠንካራ ነገር ነካ። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗን ጨፍናለች። እጄን ያዘችና «ለማንም አትንገሪብኝ» አለችኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ደብቃው ነበር፤ ባሏ ብቻ ያውቃል። የመሣሪያዋ መታወቂያ ካርድ እቤት መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። መሣሪያውን የሚያነበው ኮምፒውተር ደግሞ የእያንዳንዱ አምራች ለየራሱ ነው፤ የአንዱ የሌላውን አያነብም። ማን እንደሠራው ሳይታወቅ ማንን እንጥራ? ባሏ በሌሊት ካርዱን ፍለጋ ሲሮጥ፣ እኛ በስልክ ስንማጠን፣ እሷ በምጥ መካከል ይቅርታ ስትጠይቀን ነጋ። በሰላም ተገላገለች፤ ልጅዋም ደህና ነበር። ነገር ግን ያን ሌሊት ያለ ምንም ጥቅም ፈርታ አሳለፈችው። ከስድስት ወር በፊት አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ነበር።

ፔስሜከር ስላለሽ ብቻ «አስወርጂው» የሚል ባለሙያ የለም ብዬ ልምልልሽ አልችልም፤ ሰው ያላወቀውን ይፈራል። ግን መሣሪያው ብቻውን እርግዝና ለማቋረጥ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለ ቃል ከሰማሽ «የልብ ሐኪሜ ኢኮዬን አይቶ ይናገር» በይ፤ ይህን ማለት መብትሽ ነው። አዋላጇ፣ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሟ፣ የልብ ሐኪሙና የማደንዘዣ ባለሙያው ስለ አንቺ እርስ በርሳቸው መነጋገር አለባቸው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ነው። አንዱ ሌላው ያውቃል ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ሳታፍሪ ወረቀት ጠይቂ፤ መሣሪያው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ ያለ እሱ ልብሽ ምን ያህል እንደምትመታ፣ በምጥና በኦፕራሲዮን ጊዜ ምን እንደሚደረግ የተጻፈበት። ያ ወረቀትና የመሣሪያው ካርድ ከቦርሳሽ አይውጡ።

መድኃኒት እወስዳለሁ አላልሽም፤ ከሆነ ግን የልብ መድኃኒት በራስሽ አታቁሚ፣ ሳትጠይቂም አትቀጥዪ። ዋርፋሪን፣ አሚዮዳሮን፣ ኢናላፕሪልና የመሳሰሉት ጽንስ ላይ ጉዳት ስላላቸው የሚቀየሩበት መንገድ አለ። ፎሊክ አሲድ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ የሁሉም ነፍሰ ጡር ነው፤ ካልጀመርሽው ዛሬ ጀምሪ።

በየቀኑ የምታደርጊው አንድ ነገር ልስጥሽ። ጠዋት ከመነሣትሽ በፊት፣ የአንዱን እጅሽን መዳፍ ወደ ላይ አድርገሽ፣ ከአውራ ጣትሽ ሥር፣ የእጅ አንጓሽ ላይ የሌላውን እጅ ሁለት ጣቶች አሳርፊ። ጠበቅ አታድርጊ። ሰዓት ይዘሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። መሣሪያሽ 60 ላይ የተሞላ ከሆነና ደጋግመሽ ብትቆጥሪም 45፣ 48 እያለ ከመጣ ደውዪ። ሐኪሙ ለእንቅልፍ ሰዓት ዝቅ ያለ ቁጥር ሞልቶልሽ እንደሆነ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ያለዚያ በከንቱ ትደነግጫለሽ። ጣትሽ የማይሰማው ደካማ ምትም ስላለ አንድ ቀን ባነሰ ቁጥር አትሸበሪ።

ነፍሰ ጡር ሆኖ አለመድከም የለም። ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ችግሩ የልብ ድካም ምልክትም ከዚሁ ጋር መመሳሰሉ ነው። እኔ የምለይበትን ልንገርሽ። ቁጭ ብለሽ፣ አርፈሽ ትንፋሽ ካጠረሽ፤ ጠፍጣፋ ለመተኛት አቅቶሽ ትራስ ከጨመርሽ፤ ሌሊት ታፍነሽ ከባነንሽ፤ ራስሽን ከሳትሽ ወይም ልትስቺ ከደረስሽ፤ ደረትሽን ካመመሽ፣ ያ የእርግዝና ነው ብለሽ አትተኚበት፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂጂ። ፊትና እጅ በድንገት ማበጥ፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ማለት ደግሞ የእርግዝና ደም ግፊት ምልክት ነውና ማንኛዋም ሴት አትተወው። የመሣሪያው የራሱ ምልክቶችም አሉ። የማያቋርጥ ስቅታ፣ ወይም ሆድሽ ከጎድን አጥንት በታች ከልብ ምትሽ ጋር እኩል ሲርገበገብ ካየሽ፣ ሽቦው ድያፍራም የሚባለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ነርቭ እየነካ ሊሆን ይችላል። ጡት ሲያድግ ቆዳው ስለሚወጠር መሣሪያው ያለበት ቦታ ያሳክካል፣ ትንሽ ያማል፤ ይህ ይጠበቃል። ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ካበጠ፣ ወይም ትኩሳት ካመጣ ግን ኢንፌክሽን ነው ብለሽ አስቢና ቶሎ ታዪ።

ሆድሽ ከገፋ በኋላ በጀርባሽ ተንጋለሽ አትተኚ፤ ማህፀኑ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫነዋል። በጎን፣ ይመረጣል በግራ። መሣሪያው በግራ ስላለ መጫኑን አትፍሪ፤ ካልተመቸሽ ትራስ ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ተኚ።

መውለጃሽስ? ፔስሜከር በራሱ ለኦፕራሲዮን ምክንያት አይደለም። በምጥ መውለድ ብዙ ጊዜ ለልብ ይሻላል፤ ደም የሚፈሰው ያነሰ ነው፣ ኢንፌክሽንም እንዲሁ። ኦፕራሲዮን የሚመጣው እንደ ማንኛዋም እናት የማህፀን ወይም የልጅ ጉዳይ ሲያስገድድ ነው። በወገብ የሚሰጠው ማደንዘዣ፣ ኤፒዱራል፣ አይከለከልም፤ እንዲያውም ሕመሙ ሲቀንስ ልብ ስለማይሮጥ ለአንዳንዶች ይመረጣል። ቆዳ ላይ ተለጥፎ ምጥ የሚያስታግሰውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ግን የልብ ባለሙያሽ ሳይፈቅድ አታስጠጊ፤ ፔስሜከሩን ሊያሳስተው ይችላል። የጽንሱን ልብ የሚሰማው ሆድ ላይ የሚታሰረው መሣሪያና አልትራሳውንዱ አያሰጋም።

ኦፕራሲዮን ከሆነ ሐኪሙ ደም ለማቆም የሚጠቀምበት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኮተሪ የሚባል መሣሪያ አለ። ፔስሜከሩ የእሱን ኤሌክትሪክ የልብ ምት ነው ብሎ ተሳስቶ ዝም ሊል ይችላል፤ ያለ እሱ ለማትመታ ልብ ይህ ከባድ ነው። መፍትሔው ግን የታወቀ ነው። ኤሌክትሪኩ በሁለት ጫፎቹ መካከል ብቻ የሚሄደውን ዓይነት መጠቀም፣ ወይም በአጭር በአጭሩ መንካት፣ መመለሻ ሰሌዳውን ጭን ላይ ከደረት አርቆ መለጠፍ። ከዚያም አንድ ክብ ማግኔት ይዘጋጃል። ማግኔቱ ፔስሜከሩ ላይ ሲቀመጥ መሣሪያው ማዳመጡን ትቶ በቋሚ ቁጥር መቀስቀስ ይጀምራል፤ ሲነሣ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በኦፕራሲዮን ክፍል አንዲት ነርስ ያን ማግኔት በነጭ ፕላስተር ከአልጋው ራስጌ ብረት ጋር አጣብቃ አይቻለሁ፤ ሰው ሳይፈልግ በእጁ እንዲደርስበት። አልተነካም። ግን እዚያ ነበር። «ማግኔት ይዘጋጅልኝ» ብሎ ማስጻፍ ያንቺ ሥራ ነው።

ከወለድሽ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ሰው ሁሉ ልጁ ላይ ሲሆን እኔ ዓይኔ ከእናቲቱ አይነሣም። ማህፀኑ ሲጨመቅ ደሙ ባንድ ጊዜ ወደ ልብ ይመለሳል፤ ልብ ከእርግዝናውም የበለጠ የምትሠራው ያኔ ነው። «ደህና ነኝ፣ ልሂድ» ብለሽ አትቸኩዪ፤ ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ ሐኪሙ ካለ ለ48፣ የልብ ምትሽ በስክሪን ይታይ።

ማጥባትን በተመለከተ፣ በግራሽም በቀኝሽም አጥቢ። የልጅ ጭንቅላት ደረትሽ ላይ ቢያርፍ መሣሪያውን አይጎዳውም፣ መሣሪያውም ልጁን። እጅሽን ከፍ አታድርጊ፣ ከባድ አታንሺ የተባልሽው በተገጠመልሽ ሰሞን፣ ሽቦው እስኪይዝ ላሉት ጥቂት ሳምንታት ነበር፤ ያ ካለፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ልጅ ማዘያው ወይም የጡት መያዣው ማንገቻ ቦታውን ከፈተገው ለስለስ ያለ ጨርቅ ከሥሩ አድርጊ፣ ወይም ማንገቻውን በሌላው ትከሻ አድርጊው። የእጅ ስልክሽን ግን ስታጠቢ ደረትሽ ላይ አታሳርፊ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አንዳንዶቹ ውስጣቸው ማግኔት አለ።

የባለቤትሽን እናት አትቀየሚያቸው። ስለ ልጁ ፈርተው ነው የተናገሩት፤ ፍርሃታቸውም ያንቺው ፍርሃት ነበር፤ እሳቸው ጮክ ብለው ተናገሩት እንጂ። ለሚቀጥለው አልትራሳውንድ ቀጠሮሽ ይዘሻቸው ሂጂ፤ ባለቤትሽም ይምጣ። ሐኪሙ የጽንሱን ልብ ድምፅ እንዲያሰማ ጠይቂው። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ ነው የምትመታው፤ እንደ ፈረስ ግልቢያ ያለ ድምፅ። ከዚያ የእሳቸውን ጣት አንጓሽ ላይ አድርጊና ያንቺን ያዳምጡ፤ ሰባ፣ ሰማንያ ቢሆን ነው። ሁለቱ ልቦች በየራሳቸው ሲሄዱ በጆሯቸውና በጣታቸው ይለዩ።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ግን መሳቢያውን ክፈችና ካርዱን አውጪ። ከዚያ ለአዋላጇ ደውዪላት።